ሳልሞክረው የሰጠኋት

ቅዳሜ ጠዋት ጢሜን እየተላጨሁ እህቴ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ማዶ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ያ ግድግዳ እንኳን ወሬ ትንፋሽም አያግድም። «አሠልጣኟ ማቆም ሳታስተምራት ነው ቁልቁለት ላይ የለቀቀቻት» ትላለች። «አንድ ፍሬ ልጅ! እንደዚህች ላለች ሴትዮ ልጅ አይሰጥም። ደብዳቤውን ዛሬ እናስገባለን፤ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሥራ ትፈልግ።» ወዲያ ማዶ የምትሰማት ደብዳቤውን ከፈረሙት አምስት እናቶች አንዷ መሆን አለባት። ምላጩን ጉንጬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጇን ማን እንደጣላት በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ያን ጠዋት እንኳ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ላለመስማት።

እኔ ፍሬን ሠሪ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ጋራዥ፣ ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ የመኪና ሆድ ቀና ብዬ እያየሁ ኖሬያለሁ። ደንበኞች «የፍሬኑ ሐኪም» ይሉኛል፤ እኔም ስሙን ጠልቼው አላውቅም። ጋራዣችን አንድ ሕግ አለው። መኪና ወደ ባለቤቱ ከመመለሱ በፊት የሠራው ሰው ራሱ ይነዳዋል፤ ከጀርባችን ባለው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ያቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉ የሚሰጠው። አዲስ ሠራተኛ ይህን ሲዘል ካየሁ ጆሮው ጭው እስኪል ነው የምጮህበት። ስንቱ ላይ ጮኼያለሁ። እንግዲህ ይህን የምለው ስለ ራሴ ቀጥሎ የምናገረው እንዲገባችሁ ነው።

የእህቴ ልጅ ሚጣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሚጣ የምንላት ከልማድ ነው እንጂ ቁመቷ እኔን አልፏል። የምትሄድበት የወጣቶች ማዕከል በየቅዳሜው ሎንግቦርድ ያስተምራል፤ ወገብ የሚደርስ፣ አራት ጎማ ያለው ጣውላ ነው፤ ቆመውበት ቁልቁል ይወርዱበታል። ጎበዝ ለሆነ ተማሪ ቦርዱን ቤት ይዞ እንዲሄድ ይፈቅዳሉ፤ ሚጣም ይዛው መጣች። አንድ ዓርብ ከሥራ ስገባ ጓሮ ተደግፎ አገኘሁት። አንስቼ ግራና ቀኝ ተጫንኩት፤ አልታጠፍ አለኝ። ለእኔ ይሄ መሪው የከበደ መኪና ነው፤ የከበደ መሪ ደግሞ ብልሽት ነው። ማንም አልጠየቀኝም። አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አምጥቼ የፊት ጎማዎቹን የያዘውን ዳዶ ሁለት ዙር ሙሉ አላላሁት። የጎማዎቹን ኩሽኔታዎችም ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩ፤ ዘይት ጨመርኩላቸው። ጎማውን በጣቴ ስመታው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ደስ አለኝ። ለሚጣም አልነገርኳት፤ ራሷ ስታገኘው ትገረም ብዬ ነው። ልሞክረው ይገባ ነበር። ለመሞከር ግን ላዩ ላይ መቆም አለብኝ፤ እኔ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የጎረቤቱ በረንዳ በሙሉ ወደ ጓሯችን ያያል። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ሳልሞክረው ደግፌው ገባሁ።

በማግስቱ ሚጣ የሚማሩበት ቁልቁለት አጋማሽ ላይ ስትደርስ የፊት ጎማዎቹ ግራ ቀኝ ይርገበገቡ ጀመር፤ ከዚያ አሽቀንጥረው ጣሏት። የራስ ቁሩ ጭንቅላቷን አዳናት። የቀኝ እጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አገጯም ተላጠ። እናትና ልጅ ሆስፒታል ሳሉ የአንድ ተማሪ አባት ቦርዱን ቤት አደረሰልኝ። ጓሮ ወስጄ ዳዶውን ነካሁት፤ በባዶ ጣት ይዞራል። ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ከዚያ ያደረግኩትን ለመናገር አሁንም አፌን ይይዘኛል። ገብቼ ያንኑ አሥራ አራት ቁልፍ አመጣሁ፤ ሁለት ዙር መልሼ አጠበቅኩት። ከዚያም በጨርቅ ጠረግኩት። ማጥበቁንስ ደንግጬ ነው እላለሁ፤ መጥረጉን ግን ምን ልበለው?

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው። ተላጭቼ ስወጣ ሚጣ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ዳቦዋን ትቆራርሳለች። ሶፋው ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋዋ ነው፤ ብርድ ልብሷ ተጣጥፎ ክንዱ ላይ ተቀምጧል። መኝታ ክፍሏ ውስጥ የምተኛው እኔ ነኝ። ለአንድ ወር ብዬ ገብቼ ስድስት ዓመቴ። እህቴ ሻይ ቀዳች፤ ለእኔ ስኳሩን ራሷ ጨመረች፤ ለልጇ ብርጭቆውን ብቻ ገፋ አደረገችላት። ከአደጋው ወዲህ ለሚጣ የምትናገረው ሦስት ነገር ነው። ብይ። መድኃኒትሽን ውሰጂ። መብራቱን አጥፊ። ከዚያ ውጪ በአጠገቧ ስታልፍ በዕቃ አጠገብ ያለፈች ነው የምትመስለው። እኔ ይህን ከድንጋጤ ነው፣ ይበርድላታል እያልኩ በዝምታው መካከል ዳቦዬን እበላ ነበር። ዳቦው ጎሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ ግን አልቆመም፤ ይወርድ ነበር።

«ወንድምዓለም» አለችኝ እህቴ ጫማዋን እያሰረች። ጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ትሠራለች። «ደብዳቤውን ለማዕከሉ ኃላፊ በእጁ ስጠው። ለጸሐፊ እንዳትሰጥ። ይሄንንም እንጨት ውሰድላቸው፣ ቤቴ ውስጥ እንዳላየው።»

«እኔ ከምሄድ አንቺ ሰኞ...»

«አንተ ወንድ ነህ፤ ስለ ፍሬንም ታውቃለህ። ባለሙያ ሲናገር ይሰማሉ።»

ሚጣ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ምን እንዳለ ለማንበብ አልደፈርኩም፤ ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ከትቼ፣ ቦርዱን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አጋድሜው ስሄድ አንዲት ሴት «ለልጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዋጋውን ጠየቀችኝ፤ አላውቀውም። የሳምንት ደመወዜን ሳያህል አይቀርም። ደብዳቤውን በአንድ እጄ አውጥቼ አነበብኩት። አሠልጣኟ ለልጆቹ ማቆም ሳታስተምር ቁልቁለት ላይ እንደምትለቅ፣ ዕቃውን እንደማታይ፣ የልጅ ሕይወት ልታጠፋ እንደነበር ይላል። ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ። የእህቴ ፊርማ ከሁሉም ይበልጣል። ያቺን አሠልጣኝ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው ያየኋት፤ በአደጋው ቀን ማታ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ የልጅቷን የራስ ቁር እንደ ሕፃን ታቅፋ።

ማዕከሉና ቁልቁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ኃላፊው አምስት ሰዓት ተኩል ይገባል አሉኝ፤ ስለዚህ ቦርዱን በቅድሚያ ላስረክብ ብዬ ወደ መንገዱ ሄድኩ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለ አስፋልት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ላይኛውንም ታችኛውንም ጫፍ በአሮጌ ጎማ ዘግተው መኪና አያሳልፉም። ስምንት የሚሆኑ ልጆች አሉ። ቁልቁለት ላይ ግን ማንም አልነበረም። ሁሉም ታች ሜዳው ላይ ናቸው፤ አሥር እርምጃ ሄደው ያቆማሉ፣ አሥር እርምጃ ሄደው ያቆማሉ። አሠልጣኟ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን ናት፤ የቀኝ ጫማዋ ሶል ከግራው ይልቅ አልቋል። «የኋላ እግር ይወርዳል፤ ክብደት ግን የፊተኛው እግር ላይ ይቀራል» ትላለች። «በተረከዝ አይደለም፣ በጣትም አይደለም። የጫማው ገጽ በሙሉ፣ መሬቱን እንደ መዳበስ። ዳበስ፣ ዳበስ፣ ከዚያ ጫን።» ሦስቴ ያቆመ ልጅ አምስት እርምጃ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ካቆመ ሌላ አምስት። «ማቆም ከምትችሉበት በላይ አትወጡም» አለች፤ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለችው ከድምፅዋ ይታወቃል። አንዷ ትንሽ ልጅ ከታች ሆና ቃሉን አብራት ጨረሰችው። እኔ ኪሴ ውስጥ «ማቆም ሳታስተምር» የሚል ወረቀት ይዤ ቆሜ አያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያን ጊዜ ደግ ነበር።

የሚጣ አጎት መሆኔን ስነግራት ፊቷ ገረጣ። እጇ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጄሶው ይፈታል አልኳት። ደብዳቤ እንዳለም ሰምታለች። «ያን ቀን ሚጣ አርፍዳ መጣች» አለች ሳልጠይቃት። «ሁሉንም ቦርድ ጠዋት እያገላበጥኩ አያለሁ። የእሷን ሳላይ ለቀቅኳት፤ ጎበዝ ናት ብዬ። ይሄን አልክድም።» ጥፋት እንዲህ ነው የሚታመነው ለካ። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም።

ቦርዱን ተቀበለችኝ፤ ገለበጠችው። እጇ ወደ ፊተኛው ዳዶ ሄደ፤ ሊዞርላት አልቻለም። ቆይታ እንደገና ሞከረች። «ከወደቀች በኋላ እዚሁ ቆሜ ነክቼዋለሁ» አለች። «በጣት ይዞር ነበር። ሚጣ ራሴ ነኝ ያላላሁት አለችኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ማለችልኝ፤ ለእናቷም እኔ እያለሁ እንደዚሁ ነገረቻት። እናትየዋ ፊቷን አዙራ ወጣች።» ጣቷ አሁንም ዳዶው ላይ ነው። «በስንት ቁጥር ቁልፍ እንደፈታችው ብጠይቃት በትልቁ አለችኝ። ልጅቷ ቁልፍ አታውቅም። አሁን ደግሞ እጇ ጄሶ ውስጥ ነው፤ ይኼ ልክ እንደ ፋብሪካ ተጠብቋል።»

ጆሮዬ ነደደ። የእህቴ ዝምታ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሚጣ ነግራታለች፤ እናቷ ልጄ በገዛ እጇ ልትሞት ነበር ብላ ቂም ይዛለች፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱ መካከል ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ይበርድላታል እላለሁ። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ «ልጅ አይደለች እንዴ፣ ነካክታው ይሆናል» የሚል ነው።

አሠልጣኟ አልተቆጣችም። የራስ ቁር አምጥታ ሰጠችኝ። «እዚህ ዳዶ የነካ ሰው ቦርዱን በመጀመሪያ ራሱ ሄዶበት ያቆመዋል። ሦስት ጊዜ። ከዚያ በፊት ለሌላ አይሰጥም» አለች። «እርስዎ ካልነኩት ግን ማድረግ የለብዎትም፣ አባቴ።»

ሦስት ጊዜ። የእኔው ሕግ። ልጆቹ መሄዳቸውን ትተው ያዩኛል። የራስ ቁሩን መልሼላት ልሄድ እችል ነበር፤ ማንም አይይዘኝም። ጭንቅላቴ ላይ አደረግኩት። ማሰሪያው አገጬ ሥር አልገባልኝም፤ ያቺ ትንሽ ልጅ መጥታ ቆለፈችልኝ።

የመጀመሪያው ላይ ገና ስገፋ ቦርዱ ከሥሬ ሸሽቶ በመቀመጫዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ላይ ስድስት እርምጃ ያህል ሄድኩና ደንግጬ ሁለቱንም እግሬን አወረድኩ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ሱሪዬ ተቀደደ፤ ደሙ ሲወርድ ይሰማኛል። «ወደ ታች አይዩ፣ ወደፊት ይመልከቱ። ጉልበት ይታጠፍ። ሰውነትዎን አያድርቁ» ትለኛለች። አንድ ልጅ በግራ፣ አንድ ልጅ በቀኝ እጄን ያዙኝ። አንድም ልጅ አልሳቀም፤ ቢስቁ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በስንተኛው እንደሆነ አላስታውስም፣ የፊት እግሬ ላይ ቆሜ የኋላውን ቀስ ብዬ አወረድኩት፤ ሶሉ አስፋልቱን ዳበሰው፤ ቦርዱ ከእኔ ጋር ቆመ። እንደገና። እንደገና። ሦስተኛው ላይ ሳቆም አሠልጣኟ አጠገቤ ነበረች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ያላላሁትም ያጠበቅኩትም እኔ ነኝ።»

«ሁለት ሳምንት አልተኛሁም» አለችኝ። አሁን ድምፅዋ የቁጣ ነው። «ሌሊት እየተነሳሁ፣ ያን ቀን አርፍደሻል ብያት ብመልሳት ኖሮ እያልኩ። እርስዎ ያውቁ ነበር። ቁልፉን ይዘው እቤትዎ ተኝተው ነበር።» ደብዳቤውን አውጥቼ ልቀደው ብዬ አሳየኋት። እጄን ያዘችኝ። «አይቅደዱት። ቦርዱን ሳታይ ለቀቀች የሚለው እውነት ነው፤ እሱን እኔ እመልሳለሁ። የቀረውን እርስዎ ይጻፉበት።» ብላኝ ወደ ልጆቿ ሄደች። ደህና ይሁኑም አላለችኝ፤ አይፈረድባትም።

ኃላፊው ፊት ቆሜ ከአምስቱ ፊርማ ሥር ጻፍኩ። የቦርዱን ዳዶ ያላላሁት እኔ የልጅቷ አጎት ነኝ፤ ሳልሞክረው ሰጠኋት፤ ከወደቀች በኋላ መልሼ አጠበቅኩት፤ ልጆቹ ማቆም ሲማሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈረምኩ። ሰውዬው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አነበበ፤ የተቀደደ ሱሪዬን አየ፤ እንደገና አነበበ። «ሥራዎ ምንድን ነው አሉኝ?» አለ። ፍሬን ሠሪ ነኝ አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ቤት ስደርስ ሚጣ ሶፋው ላይ በግራ እጇ ፊደል እየለቀመች ትጽፋለች። «ጋሼ፣ ጉልበትህ ይደማል» አለችኝ። ብርድ ልብሷን ገፋ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት፤ ዳዶውንም፣ ጨርቁንም፣ ቁልቁለት ላይ የዋሸሁትንም። ስታዳምጠኝ እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ዓርብ ዕለት በመስኮት አይቼሃለሁ። እያፏጨህ ነበር። አንድ ጉደኛ ነገር ሠርቶልኛል ብዬ ጓጉቼ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወስደኝ ብሎ ነው ያረፈድኩት።»

«ታዲያ ለምን ራስሽ ላይ አደረግሽው?»

«እማዬ ታባርርሃለቻ» አለች፤ ሰዓት እንደጠየቅኳት ዓይነት። «አንተ ደግሞ የት ትሄዳለህ?»

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክፍሏን ወስጄ ሶፋ ላይ አስተኝቻታለሁ፤ እጇን ሰብሬያለሁ፤ እሷ የምታስበው የት እንደማድር ነው። ፊቴን ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ቀጥላም «አሁንም ቢሆን አትንገራት። ጄሶው ሲፈታ ይረሳል። እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ያህል ደስ አለኝ። ኃላፊው ለእህቴ ላይነግራት ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ስንት ዓመት ይቀመጣል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከዚያ ሁሉ መውደቅና መጻፍ በኋላ ነው።

እህቴ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ዳቦ ይዛ ገባች። በር ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ጫማዋን አወለቀች። «ሰጠኸው?» አለችኝ።

«ሰጠሁት። ከሥሩም ጽፌበታለሁ።»

ቆሜ ነገርኳት። ሚጣ አንዴ «ጋሼ» አለች፤ አላቆምኩም። እህቴ አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ በባዶ፣ በሩን ተደግፋ ሰማችኝ። ጨርሼ ውጣልኝ እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው፤ የትኛውን ሻንጣ እንደምይዝ እንኳ በልቤ ወስኛለሁ። ስለ ዳዶው አልጠየቀችኝም፣ ስለ ደብዳቤውም፣ ስለ አሠልጣኟም። ልጇን አየቻት። ብዙ ቆየች እያየቻት፤ አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳ ገና ዛሬ ያየችው ነው የሚመስለው። ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄን አላናገርኳትም» አለች፤ ወደ እኔ ሳትዞር፣ በዝግታ። «አንተ እዚሁ ተቀምጠህ ታይ ነበር።»

የማጠብቀውም የማላላውም ነገር አልነበረም።

«አዎ» አልኳት። «ተቀምጬ አይ ነበር።»